ሕመሙ ሄደ፤ ጡንቻው ግን አልተመለሰም፦ የአንድ ታንኳ ቀዛፊ ወገብ የጉዳይ ጥናት

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው የመጡት። ባሕር ዳር፣ እኔ የምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል በር ላይ ቆሙ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። «ተቀምጬ መነሳቱ ነው የሚገለኝ፤ ልቁም ልጄ» አሉ። ግራ እጃቸው ወገባቸውን ደግፏል። በቀኝ እጃቸው ትልቅ የፊልም ፖስታ ይዘዋል። ከኋላቸው አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ኩርቱ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል።

ዕድሜያቸው 52 ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር ይኖራሉ። ስማቸውንና መንደራቸውን አልጠቅስም። ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል። «ሌላው እንደኔ እንዳይንከራተት ጻፊው» ነው ያሉኝ።

ሥራቸው ዓሣ ማስገር ነው፤ በደንገል ታንኳ። የባሕር ዳር ሰው ታንኳን ያውቀዋል። ከሌላ ቦታ ለሚያነብ ግን አንድ ነገር ልንገር፤ ለዚህ ወገብ ወሳኝ ነው። ታንኳ ላይ የጀርባ መደገፊያ የለም። ደንገሉ ላይ እግርን ዘርግቶ ወይም ጉልበትን ትንሽ አጥፎ ነው የሚቀመጡት። ዳሌ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ወገብ እንደ ደጋን ይጎብጣል። በዚያ ላይ ግራ ቀኝ መቅዘፍ አለ። መረብ ሲሳብ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ ነው። እሳቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥተው ጠዋት 2 ሰዓት ይመለሳሉ። አራት ሰዓት ሙሉ ወገባቸው ጎብጦ ይቆያል ማለት ነው። ከዚያ ዳር ደርሰው ታንኳውን ከውኃ ጎትተው ያወጣሉ፤ እንዲደርቅም ያቆሙታል። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ሕመም ባለፈው ሰኔ ነበር። ታንኳውን ሊያወጡ ጎንበስ ብለው ወደ ግራ ዞር ሲሉ «ቀጭ አለብኝ» ይላሉ። እዚያው ተንበረከኩ። ሰው ደግፎ ቤት አስገባቸው። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሻቸው፤ ሕመሙ አልቀነሰም። አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ሽንት ሰጡ፣ «ኩላሊት ነው» ተባሉ፣ መርፌ ተወጉ። በሁለት ሳምንቱ ለቀቃቸው። ተመስገን ብለው ወደ ሐይቁ ተመለሱ።

ሁለተኛው ጥቅምት ላይ መጣ። መሬት የወደቀች የመረብ ተንሳፋፊ ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ያው ቦታ፣ ያው ሕመም። አሁንም በሁለት ሳምንት ለቀቀ። ሦስተኛው በከተራ ዕለት ነው። «ለበዓሉ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ አልኩ፤ በቃ» አሉኝ።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ከባድ ታንኳ። ቀጥሎ አንዲት ተንሳፋፊ። በመጨረሻ አንድ ጣሳ ውኃ። ሸክሙ እየቀለለ ሄዷል፤ ሕመሙ ግን ያው ነው። በባዶ እጁ ጎንበስ ያለን ሰው ወገብ ምንድነው የሚይዘው? ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ወዲያው አላየሁትም።

ስለ «ኩላሊት» ትንሽ ልበል። እኛ ጋ ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። አነጋገር ሆኖ ቢቀር ጉዳት አልነበረውም። ችግሩ ሕክምናው አነጋገሩን ተከትሎ ሲሄድ ነው። ኩላሊት ከምናስበው በላይ ከፍ ብሎ፣ በመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ ነው ያለው፤ ከጀርባ ጡንቻዎች ወዲያ፣ በሆድ ዕቃው በኩል። የኩላሊት ሕመም ስንጎነበስና ስንዞር አይቀያየርም። ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ወይም ጠጠር ከሆነ እየመጣ የሚሄድና መቀመጫ የሚያሳጣ ቁርጠት ይኖረዋል። የኚህ ሰው ሕመም ከቀበቶ መስመር በታች ነበር። ጎንበስ ሲሉ ይብሳል፤ በጎን ሲተኙ ይረግባል። ከኩላሊት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ከምንም በፊት የማያሻሙትን ጥያቄዎች ጠየቅሁ። ሽንት ያስቸግርዎታል? መቀመጫዎና በእግሮችዎ መሃል ያለው ቦታ ደንዝዟል? እግርዎ ይዝላል? ሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት አለ? በተለይ የመጨረሻው ለአገራችን ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ የጀርባ አጥንት ቲቢ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ከነዚህ አንዱ ያለበት ሰው እኔ ጋ ሳይሆን ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ለሁሉም መልሳቸው «የለም» ነበር። ጀርባቸው ላይ አስተኝቼ እግራቸውን ቀጥ አድርጌ አነሳሁ፤ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም የለም። የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ምላሽ እኩል ነው። የእግር ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ጉልበት አላቸው።

ከዚያ ፖስታው ተከፈተ። ሁለት በግ ሸጠው የተነሡት ኤምአርአይ ነው። ወረቀቱ፣ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መሃል ያለው ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል ይላል። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው። «ዲስኬ ተንሸራቷል። ከእንግዲህ ሐይቅ የለም፣ ሸክም የለም ብለውኛል። እንግዲህ ልጄን ከትምህርት ላስወጣው ነው» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ልንገር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ግምገማ 33 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ፊልም አየ። ዲስክ ወጣ ብሎ የተገኘው ከ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው ላይ ነው። በ50 ዓመታቸው 60 በመቶ፣ በ80 ዓመታቸው 84 በመቶ። እነዚህ ሁሉ ወገባቸውን አያማቸውም! ስለዚህ በ52 ዓመት ሰው ፊልም ላይ ትንሽ የወጣ ዲስክ ማየት ሽበት እንደማየት ነው። ዲስክ አያሳምምም አላልኩም። ነርቭ ሲጫን እግር ድረስ ያቃጥላል። የኚህ ሰው ግን ያንን አይመስልም።

የሳትኩት

ዲስኩ እንዳልሆነ ስረዳ ቸኮልኩ። ጀርባ ማጠንከር ነው ብዬ ደመደምኩ። በሆዳቸው ተኝተው ደረታቸውንና እግራቸውን አንድ ላይ ከመሬት የሚያነሱበትን ከባድ እንቅስቃሴ ሰጠኋቸው፤ ለአሥር ቀን። ሲመለሱ ብሶባቸዋል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉት ረጃጅም ጡንቻዎች ተወጥረው ገመድ ሆነዋል። «ያልሽኝን አንድ ቀን አልዘለልኩም» አሉኝ። እሱ ነው የከበደኝ። በደንብ ሠርተውታል፤ የሰጠኋቸው ነው የተሳሳተው። ይቅርታ ጠይቄ ከሀ ጀመርን።

ለምን እንደተሳሳተ ለማስረዳት ወደ ጡንቻዎቹ እንግባ።

ጀርባችን ላይ ያለ ጡንቻ ሁሉ የጀርባ አይደለም። ከቆዳው ሥር የሚገኙት ሰፋፊዎቹ ትራፒዚየስና ላቲሲመስ ዶርሳይ የትከሻና የክንድ ሠራተኞች ናቸው። መቅዘፊያ የሚገፉት፣ መረብ የሚስቡት እነሱ ናቸው። ከነሱ ሥር ከጎድን አጥንት ጋር የተያያዙ ሁለት ስስ ጡንቻዎች አሉ። የጀርባ የራሱ ጡንቻ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው።

«የራሱ» የምንለው በነርቩ ነው። ከአከርካሪ አጥንቶች መሃል የሚወጣው ነርቭ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ቅርንጫፍ ወደ ፊት ሄዶ ለእጅ፣ ለእግር፣ ለደረትና ለሆድ ይደርሳል። ትንሹ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጥልቆቹ የጀርባ ጡንቻዎች የሚታዘዙት በዚህ በትንሹ ቅርንጫፍ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ለፈተና ነበር የያዝኩት። ዛሬ ወገቡን የሚያመው ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

ከጥልቆቹ ትልቁ ኢሬክተር ስፓይኒ ይባላል። ከዳሌና ከአከርካሪው ግርጌ ካለው፣ ሳክረም ከሚባለው አጥንት ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል። ሦስት ዘርፍ አለው። የውጭው ኢሊዮኮስታሊስ በጎድን አጥንቶቹ ላይ ይንጠላጠላል። መካከለኛው ሎንጊሲመስ ከሁሉም ይረዝማል፤ ጫፉ ከጆሮ ጀርባ ያለው የራስ ቅል ጉብታ ድረስ ይደርሳል። የውስጠኛው ስፓይናሊስ ነው። ወገባችሁን ስትዳብሱ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያጋጥማችሁ ወፍራም ገመድ ይኸው ኢሬክተር ስፓይኒ ነው። ሥጋ ቤት «ሽንጥ» ስንል ከአከርካሪው ጎን ለጎን የሚሄደው ረጅም ሥጋ የዚሁ ዘር ነው። «ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ» የሚለው አማርኛችንም ይህንኑ ጡንቻ ያሳየኛል። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመን፣ ጎንበስ ስንል ቀስ እያለ የሚለቀን፣ መልሶም የሚያነሳን እሱ ነው።

ከሽንጡ ሥር ደግሞ አጭር አጭር፣ አግድም ያዘነበሉ ጡንቻዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ከአንዱ አጥንት ጎን ተነሥተው ከበላዩ ባለው አጥንት የኋላ ሹል ላይ ይታሰራሉ። ልዩነታቸው ርዝመታቸው ነው። ሴሚስፓይናሊስ ከ4 እስከ 6 አጥንት ይዘላል፤ እሱ ደረትና አንገት ላይ እንጂ ወገብ ላይ የለም። መልቲፊደስ ከ2 እስከ 4 ይዘላል። ሮታቶሬስ 1 ወይም 2 ብቻ ነው የሚሻገረው። በመጨረሻ ከአጥንት እስከ ጎረቤት አጥንት ብቻ የሚደርሱ ጥቃቅኖች አሉ። ጉልበታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ውስጣቸው የመወጠርን ልክ በሚለኩ ስሜት ሰጪዎች የታጨቀ ነው። ሥራቸው ከመሳብ ይልቅ ለአንጎል ወሬ ማቀበል ይመስላል። አጥንቱ የት እንዳለ ይነግሩታል።

ለኛ ጉዳይ ዋናው መልቲፊደስ ነው። ወደ ወገብ ሲወርድ ይወፍራል፤ በ5ኛው የወገብ አጥንትና በሳክረም አካባቢ ከሁሉም ቦታ ይበልጥ ይፋፋል። ክሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዛታቸው ግን ብዙ። አጭርና ብዙ ክር ያለው ጡንቻ ሩቅ አይስብም፤ በትንሽ ርቀት ግን ከፍተኛ ኃይል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መሃል ጡንቻዎች ከሚሰጡት ጥንካሬ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የመልቲፊደስ እንደሆነ አሳይቷል። እዚያው፣ የኚህ ሰው ዲስክ ወጣ ባለበት ቦታ።

አሁን የነርቩን ነገር ያዙልኝ። ከአንድ አጥንት የኋላ ሹል የሚነሱት የመልቲፊደስ ክሮች የሚታዘዙት በዚያው አጥንት ነርቭ ነው። ያው ነርቭ በአቅራቢያው ካሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ሕመምም ያቀብላል። አንድ ደረጃ ላይ፣ ማለትም አንድ የአከርካሪ አጥንት ጋ፣ ጉዳት ሲደርስ ኅብለ ሰረሰሩ የዚያን ደረጃ ጡንቻ ያስታግሰዋል፤ ያዳክመዋል። ያ ጡንቻ ይሟሽሻል። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ በአንድ ጎን፣ በአንድ ደረጃ ብቻ።

የአውራ ጣት ምርመራ

በሆዳቸው አስተኛኋቸው፤ ከሆዳቸው ሥር ትራስ አደረግሁ። የሁለቱን የዳሌ አጥንቶች ጫፍ በእጄ ያዝኩ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር 4ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልፋል። ከዚያ አንድ ወረድ ብዬ 5ኛውን አገኘሁ። ሁለቱን አውራ ጣቶቼን ከሹሉ ግራና ቀኝ፣ አጥንቱ ሥር አስቀመጥኩ።

ቀኙ ጣቴ በደንብ በተቦካ ሊጥ ላይ ያረፈ ያህል ነው፤ ለስላሳ ግን ሙሉ፣ መልሶ የሚገፋ። ግራው ገባ። ጉድጓድ ነው ማለት ይቻላል። ሥጋው ጣቴን አልመለሰውም።

«ጋሼ፣ ወገብዎ ሳይነቃነቅ፣ ትንፋሽ ሳይዙ፣ እዚህ ያለውን ሥጋ ቀስ አድርገው ወደ ጣቴ ያብጡልኝ» አልኳቸው። በቀኝ በኩል ቀስ ብሎ መጣ። በግራ ምንም። ሲታገሉ ወፍራሙ ሽንጥ ብቻ ተወጠረ፤ የጭናቸው ጀርባም አብሮ ደነደነ። ቀጥሎ ቀኝ ክንዳቸውን ከአልጋው ትንሽ እንዲያነሱ ጠየቅሁ። ተቃራኒ ክንድ ሲነሳ የግራው መልቲፊደስ ሳይታዘዝ መነሣት ነበረበት። አሁንም ዝም። ክንዱ ከተነሳ በኋላ ዘግይቶ ትንሽ ንቅንቅ አለ።

አሁን ስህተቴ ገባኝ። ያ ከባድ እንቅስቃሴ ቀድሞውንም የሚሠራውን ረጅም ጡንቻ አሠራው። የተኛው ተኝቶ ቀረ። ሽንጡ የሱንም ድርሻ ደርቦ ሲሸከም ከርሟል፤ እኔ ደግሞ ጨመርኩበት።

ፊልሙን እንደገና አውጥቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። በዚህኛው ጊዜ ዲስኩን ተውኩትና ወገቡ በአግድም የተቆረጠበትን ምስል ፈለግሁ። ጡንቻ ጠቆር ብሎ፣ ስብ ነጣ ብሎ ይታያል። በቀኝ በኩል ከአጥንቱ ጥግ ጥቁር፣ ሙሉ ክብ አለ። በግራ ክቡ አንሷል፤ መሃሉ ላይ ነጫጭ ጅራቶች ገብተውበታል። ወረቀቱ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፈም። ብዙ የፊልም ወረቀት ስለ ጡንቻ ዝም ይላል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እሳቸውም ከትከሻዬ በላይ አዩ። «ይሄ ነጩ ምንድነው?»

«ስብ ነው ጋሼ። ሥጋው ሥራ ሲፈታ ይገባበታል።»

«ጮማ ገባበታ!» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩ። በወረቀት ላይ ረጃጅሙን ጡንቻና አጫጭሮቹን ሣልኩላቸው። ጣታቸውን አጫጭሮቹ ላይ አደረጉ። «ይሄማ ልጡ ነው» አሉ። «ታንኳ ስንሠራ ደንገሉ ረጅም ነው፤ ለብቻው ግን ታንኳ አይሆንም። በየስንዝሩ በልጥ ታስሪዋለሽ። አንዷ ልጥ ስትላላ ከላይ አይታይም። እዚያች ጋ ግን ይታጠፋል።» ከዚህ የተሻለ የመልቲፊደስ ማብራሪያ አላውቅም። ዛሬ ለሌሎች ታካሚዎችም እሱን ነው የምነግረው።

«ሕመሙ ሲለቀኝ እሱስ ለምን አልተመለሰም?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ አውስትራሊያ ውስጥ በተሠራ ጥናት ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን ያመማቸው 39 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላው በተጨማሪ መልቲፊደስን የሚቀሰቅስ ልምምድ ሠራ። በአራት ሳምንት የሁለቱም ሕመም ለቀቀ። ጡንቻው ግን የተመለሰው ልምምድ ለሠሩት ነው። የሌሎቹ በ10 ሳምንትም ቀጭን እንደሆነ ነበር። በኋላ ሲከታተሏቸው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ልምምድ ካልሠሩት 84 በመቶ፣ ከሠሩት ግን 30 በመቶ ሆኑ።

39 ሰው ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ሥራዎች ሌሎች የእንቅስቃሴ ዓይነቶችም ብዙ ሰው ረድተዋል። ስለዚህ ለሁሉም ወገብ መልቲፊደስ ነው መልሱ አልልም። እኚህን ሰው ግን ሁለት ጊዜ «ዳንክ» ብሎ የሸኛቸው የሕመሙ መልቀቅ ነው። ጎድጓዳው ቦታ እንዳለ ነበር።

ሥራው

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ላየ ሰው ምንም የሚሠሩ አይመስልም። በሆድ ተኝተው፣ ልጃቸው አውራ ጣቱን አጥንቱ ጥግ አድርጎ፣ ሥጋው ጣቱን እንዲገፋ ማድረግ ብቻ። ለ10 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ኃይል አይፈለግም። ኃይል ከጨመሩ ሽንጡ ይቀማል። ልጁን ቦታውን አስተማርኩት። ጣቱ በጣም ጎበዝ ወጣ። በ12ኛው ቀን ስልክ ደወለልኝ፤ «እህቴ፣ መጣ! ግራው ገፋኝ!» እያለ ይጮሃል።

ከአራተኛው ሳምንት በእጅና በጉልበት ተንበርክከው ቀኝ እጅና ግራ እግር፣ ከዚያ ተቃራኒውን መዘርጋት ጀመሩ። ወገባቸው ላይ ውኃ የያዘ ስኒ ቢቀመጥ እንዳይፈስ አድርገው። ከሰባተኛው ሳምንት ጀሪካን መጣ። መጀመሪያ 5 ሊትር፣ ከዚያ 10፣ በመጨረሻ ሙሉ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን። ጉልበት ላላ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ወገብ ሳይጎብጥ። ሸክምን ለዘላለም የከለከላቸው ምክር እዚህ ላይ ተሻረ።

ሐይቁን ተዉ ማለት አልቻልኩም። ሁዳዴ ገብቷል። ሁዳዴ ዓሣ የሚሸጥበት ወቅት ነው። የዓመቱ ገቢ እሱ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ሥራውን ሳናስቆም ልናስተካክለው ተነጋገርን።

እዚህ ላይ አንድ የሰውነት ጠባይ ማወቅ ጠቀመን። ወገባችን እስከ መጨረሻው ሲጎብጥ ትልቁ ሽንጥ በአመዛኙ ሥራ ያቆማል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ምርመራ ይታወቃል። ሸክሙን የሚይዙት ጅማቶቹ ይሆናሉ። ጅማት ደግሞ ተወጥሮ ሲቆይ ይላላል። በአንድ ጥናት ሰዎች 20 ደቂቃ ጎብጠው ተቀመጡ። ከ30 ደቂቃ ዕረፍት በኋላም ወገባቸው ሙሉ በሙሉ ወደነበረበት አልተመለሰም። ታዲያ አራት ሰዓት የጎበጠ ሰው ዳር እንደደረሰ ውኃ የጠጣ ታንኳ ሲያነሳ ምን ይሆናል? ጅማቱ ላልቷል፣ ሽንጡ ደክሟል፣ መልቲፊደሱ ተኝቷል። የሰኔው «ቀጭ» የመጣው በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል።

ያደረግነው ቀላል ነው። ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ታንኳው ላይ መቀመጫ ሆነ፤ ዳሌ ከፍ ሲል ወገብ ራሱን ያቀናል። በየ20 ደቂቃው በጉልበት ተነሥቶ ደረትን ማቅናት። መረቡን አንድ ቀን ከግራ፣ አንድ ቀን ከቀኝ መሳብ። ዳር ሲደርሱ ታንኳውን አስሮ መተው፣ ዓሣውን መሸጥ፣ መረቡን ቆመው መዘርጋት፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። ታንኳው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከልጃቸው ጋር፣ ለሁለት። መጀመሪያ «ሰው ይስቅብኛል» ብለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታቸውም ማዳበሪያ ይዞ ወጣ።

አንድ ቀን ልምምዱን ጨርሰው ካልሲያቸውን ሲያደርጉ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ስግደቱስ? ዘንድሮ ስቅለት ቁሜ ልመለስ ነው?» ይህን ፎርም ላይ አንጠይቅም። ለካ ከታንኳውም በላይ ያስጨነቃቸው እሱ ነበር። ያን ዕለት የቀረውን ልምምድ ትተን ስግደት ሠራን። ዳሌንና ጉልበትን ማጠፍ፣ እጅን ቀድሞ መሬት ማስያዝ፣ ግንባር ከዚያ በኋላ። ሲነሱ አንድ እግር አስቀድሞ። በቀን በ10 ጀመርን፤ በሳምንት በሳምንት ጨመርን። ለጥልቆቹ ጡንቻዎች ጥሩ ልምምድ ሆነ፤ መውረድና መነሣቱን በልክ መቆጣጠር ነው የሚፈልገው።

በስቅለት ማግስት ደወሉልኝ። በ41 በ41 እየከፈሉ፣ መሃል ላይ ትንሽ እየቆሙ ከሕዝቡ ጋር ሰግደዋል። «ጭኔ ተሳሰረ እንጂ ወገቤስ አለሁ አለ» አሉኝ።

በ12ኛው ሳምንት እንደገና አስተኛኋቸው። አውራ ጣቶቼን እዚያው አስቀመጥኩ። ግራው ከቀኙ አሁንም ያንሳል። ግን ባዶ አይደለም። ቀኝ ክንዳቸውን ሲያነሱ ከክንዱ እኩል ይነሣል፤ አይዘገይም። ሲመጡ ከ10 ሰባት ያሉት ሕመም አንድ ሆኗል፤ እሱም ረጅም ቀን ሲውሉ። ድጋሚ ኤምአርአይ አላነሳንም። የገባው ስብ ቶሎ እንደማይወጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለፊልሙ የሚወጣው ገንዘብ መረብ ይገዛል።

ሰኔ ላይ፣ ዓመት በሞላው፣ አንድ ጊዜ ያዝ አድርጓቸው ነበር። በዝናብ የራሰ የማገዶ እንጨት ሲያወርዱ። ወደ ክሊኒክ አልሄዱም፤ ሁለት ቀን አረፍ ብለው ልጁን ጠሩና በሆዳቸው ተኙ። በአራተኛው ቀን ሐይቅ ላይ ነበሩ። ልጁ አሥረኛ ክፍልን ጨርሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው ይወጣል፤ ታንኳው ሲወጣ በግራ በኩል የሚይዘው እሱ ነው።